ማቴራ፦ ሰው ወጥቶ ቱሪስት የገባባቸው ዋሻዎች

በደቡብ ጣሊያን፣ ከባሪ ተነስታ ማቴራ የምትገባው ባቡር ትንሽ ናት። ሐዲዷም ጠባብ ነው። በወይራ ዛፍና በስንዴ ማሳ መሃል እየተንገጫገጨች ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ትወስዳለች። ማቴራ የአውራጃ ዋና ከተማ ናት። ያም ሆኖ ሮምንና ሚላኖን የሚያገናኘው የአገሪቱ ዋና ባቡር ለብዙ ዘመን ሳይደርስባት ኖሯል።

ከጣቢያው ጥቂት እንደተራመዳችሁ ፒያሳ ቪቶሪዮ ቬኔቶ ትደርሳላችሁ። ፒያሳ ያው ፒያሳ ነው። ካፌ አለ፣ ወንበር አለ፣ ወሬ የያዙ ሽማግሌዎች አሉ። በአንደኛው ጠርዝ ባሉት ቅስቶች ሥር አለፍ ስትሉ ግን መሬቱ ድንገት ያልቅና ከእግራችሁ ሥር ሌላ ከተማ ብቅ ይላል። ቤት በቤት ላይ ተደራርቧል። የአንዱ ጣሪያ ለሌላው መንገድ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም ቤት ከድንጋይ የተገነባ ይመስላል። ጠጋ ስትሉ ግንቡ ፊት ለፊቱ ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ከበስተኋላ ያለው ዋሻ ነው። ከቤቶቹ ማዶ ግራቪና የሚባል ገደል አለ፣ ከገደሉ ወዲያ ደግሞ ዋሻ የሞላበት ደረቅ አምባ።

ይህን የታች ከተማ ሳሲ ይሉታል። ቃሉ «ድንጋዮች» ማለት ነው። ሰፈሩ ሁለት ነው፣ ሳሶ ባሪሳኖና ሳሶ ካቬኦሶ። በመሃላቸው ቺቪታ የምትባል ጉብታ አለች፣ አናቷ ላይ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ካቴድራል ተቀምጧል።

እዚያ ቅስት ሥር ቆሞ ፎቶ የማያነሳ ሰው የለም። አስጎብኚዎችም «ሰው ሳይቋረጥ ከኖረባቸው የዓለማችን ጥንታዊ ቦታዎች አንዱ» ይላሉ። በአካባቢው ሰው ከድንጋይ ዘመን ጀምሮ መኖሩ እውነት ነው። እኔን ቅር የሚለኝ «ሳይቋረጥ» የምትለው ቃል ናት። ሳሲ ውስጥ ኑሮ ተቋርጧል። የተቋረጠው በሕግ ነው፣ ሕጉም ቁጥርና ቀን አለው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ መቋረጥ ነው። (ዓመታቱንም ቀኖቹንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፣ አንድ ቦታ ብቻ ወደኛው እመለሳለሁ።)

ከውኃው እንጀምር

የማቴራ ድንጋይ ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ነው። የአገሬው ሰው ቱፎ ይለዋል። በእጅ መሣሪያ ይቆረጣል፣ አየር ሲያገኘው ደግሞ እየጠነከረ ይሄዳል። ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ወደ ውስጥ ይፈለፍላል፣ ፈልፍሎ ባወጣው ድንጋይ ፊት ለፊቱን ይገነባል። ዋሻው በበጋ ቀዝቀዝ፣ በክረምት ሞቅ ይላል።

ዋናው ብልሃት ግን ውኃው ላይ ነበር። አካባቢው ደረቅ ነው። ወንዙ ገደል ሥር ነው። ሰዎቹ ጣሪያውንም፣ ግቢውንም፣ ደረጃውንም ዝናብ እንዲይዝ አድርገው ሠሩት። ውኃው በቦይ እየወረደ ድንጋይ ውስጥ ወደተፈለፈሉ፣ የደወል ቅርጽ ወዳላቸው ጉድጓዶች ይገባል። ጉድጓዶቹ እንዳያፈስሱ ከተፈጨ ሸክላና ከኖራ በተሠራ ልስን ተለስነዋል። ትልቁ ፓሎምባሮ ሉንጎ ይባላል። የሚገኘው እዚያው ፒያሳ ቪቶሪዮ ቬኔቶ ሥር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተሠርቶ ያለቀ ሲሆን 5 ሚሊዮን ሊትር ያህል ይይዛል። የቧንቧ ውኃ ከመጣ በኋላ ተረሳ። ጭራሽ ከሰው አእምሮ ወጥቶ እንደገና የተገኘው 1991 ላይ ነው። ዛሬ በብረት መረማመጃ ላይ እየሄዳችሁ ትጎበኙታላችሁ። ግድግዳው ላይ ውኃው የደረሰበት ምልክት አሁንም ይታያል። እኔ ብሆን ጉብኝቴን ከዚህ ነው የምጀምረው። ሳሲን «ድሆች የተጠለሉበት ዋሻ» ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ይህ ጉድጓድ ሐሳቡን ያስቀይረዋል።

ታዲያ እንዲህ የታሰበበት ከተማ እንዴት የአገር ማፈሪያ ሆነ? ሰው በዛ። ድህነቱም ጠና። የመሬት ባለቤት የሆኑት ወደ ላይኛው ከተማ እየወጡ ሄዱ፣ ታች የቀረው ገበሬውና የቀን ሠራተኛው ነው። ቦታ ሲጠብ በረቱም ቤት ሆነ። የውኃ ጉድጓዱ ራሱ ተከፍቶ ቤት ሆነ። መስኮት የሌለው፣ በበሩ ብቻ ብርሃን የሚገባበት አንድ ክፍል ውስጥ ወላጅና ልጆች፣ ከኋላ በቅሎዋ፣ አልጋው ሥር ዶሮዎቹ። በቅሎዋን ውጪ ማሳደር የሚታሰብ አልነበረም። የቤተሰቡ ሀብት እሷ ናት፣ ትንፋሿም ቤቱን ያሞቃል። እርጥበቱ፣ ፍሳሹና የእንስሳቱ እዳሪ ግን ሕፃናቱን ይጨርስ ነበር።

ግዞተኛው ሐኪም

የማቴራን ገመና ለአገር የነገረው ካርሎ ሌቪ ነው። ሌቪ የቱሪን ሰው፣ ሐኪምም ሠዓሊም ነበር። ፋሺስቶችን በመቃወሙ 1935 ላይ ተይዞ ወደ ሉካኒያ ተጋዘ። ሉካኒያ የዛሬው ባዚሊካታ ነው፣ ማቴራ ያለችበት ክልል። የሙሶሊኒ መንግሥት የማይፈልጋቸውን ሰዎች ወደ እንዲህ ያሉ የደቡብ መንደሮች ይልክ ነበር። ጠባቂ ብዙ አያስፈልግም፣ ርቀቱ ራሱ አጥር ነው።

ሌቪ ጊዜው ሳይሞላ 1936 ግንቦት ላይ ተፈታ። የተፈታበት ምክንያት እኛን ይነካል። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ፣ ሮምም በደስታዋ ለግዞተኞች ምሕረት አደረገች። እኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 የምንለው ቀን ነው። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ለኛ የመከራ መጀመሪያ የሆነው ቀን፣ ሩቅ ተራራ ላይ ለታሰረ አንድ ፀረ ፋሺስት የነፃነት ቀን ሆነ። የሚገርመው፣ አብረውት የነበሩት ገበሬዎች ለአቢሲኒያው ጦርነት ደንታ እንዳልነበራቸው ጽፏል። ሮም ለነሱም ሩቅ ነበረች።

መጽሐፉ «ክርስቶስ ኤቦሊ ላይ ቀረ» ይባላል፣ የታተመውም 1945 ላይ ነው። ኤቦሊ መንገዱና ሐዲዱ ከባሕሩ ዳርቻ ተለይተው ወደ ውስጥ የሚታጠፉባት ከተማ ናት። ገበሬዎቹ «ክርስቶስ እንኳ እዚያ ቆመ፣ እኛ ጋ አልደረሰም» ይላሉ። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ስለ ባቡሩ ያነሳሁላችሁ።

መጽሐፉ ውስጥ ማቴራን የምናያት በሌቪ እህት ዓይን ነው። እሷም ሐኪም ናት። ወንድሟን ልትጠይቅ ስትሄድ በከተማዋ አለፈች። በዚያ ቁልቁለት ስትወርድ ትራኮማ ዓይናቸውን የከደነው፣ ወባ ያገረጣቸው ሕፃናት በር በር ላይ ተቀምጠው አየች። ልጆች ተከተሏት። ሳንቲም መስሏት ነበር። እነሱ የለመኗት ግን ኪኒን ነው፣ የወባውን መድኃኒት። እኛ ዛሬ ማንኛውንም እንክብል ክኒን የምንለው ከዚሁ መድኃኒት ስም ነው።

ሕግ ቁጥር 619

ከጦርነቱ በኋላ ፖለቲከኞቹ ተራ በተራ መጡ። 1948 ላይ የኮሚኒስት ፓርቲው መሪ ፓልሚሮ ቶሊያቲ መጣና ሳሲን «ብሔራዊ ኀፍረት» አለው። 1950 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አልቺዴ ዴ ጋስፔሪ መጣ። ሁለቱ በፖለቲካ እሳትና ጭድ ናቸው። በማቴራ ጉዳይ ግን ተስማሙ። ግንቦት 17 ቀን 1952 ሕግ ቁጥር 619 ወጣ። ዋሻ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ይነሳል፣ መንግሥት አዲስ ቤት ይሠራለታል፣ የለቀቀው ዋሻ የመንግሥት ይሆናል።

በኛ ቋንቋ የልማት ተነሺ ማለት ነው። 15,000 ገደማ ሰው። ያን ጊዜ የከተማዋ ሕዝብ 30,000 አካባቢ ስለነበር ግማሹ ማለት ይቻላል። የለቀቁት ቤት በር እንዳይመለሱበት በግንብ ተደፈነ።

እዚህ ላይ ለመንግሥት ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ሥራው የግዴለሽ ሥራ አልነበረም። ኢንጂነር ብቻ ሳይሆን የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያዎች፣ ፈላስፋ ጭምር መጥተው ሕዝቡ እንዴት እንደሚኖር አጥንተዋል። ላ ማርቴላ የተባለችውን አዲስ መንደር የነደፈው ሉዶቪኮ ኳሮኒ ነው፣ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበሩት አርክቴክቶች አንዱ። በታይፕራይተሩ የምናውቀው የኦሊቬቲ ፋብሪካ ባለቤት አድሪያኖ ኦሊቬቲም እጁ አለበት። በቅሎ ያለው ገበሬ ስለሆነ ለየቤቱ በረት ተሠራለት፣ ግን ከመኝታ ቤት ተለይቶ። ለገበሬዎቹ ላ ማርቴላ፣ ለቀሪው ሕዝብ ከላይኛው ከተማ ጥግ እንደ ስፒኔ ቢያንኬና ሴራ ቬኔርዲ ያሉ ሰፈሮች ተሠሩ። መስኮት፣ ሽንት ቤት፣ የቧንቧ ውኃ። ልጅ ቀብራ ልጅ የወለደች እናት መስኮቱን ስታይ ምን እንደተሰማት መገመት አያቅትም። «ድሮ ይሻል ነበር» የሚል ጎብኚ ስሰማ የምናደደው ለዚህ ነው።

አጥኚዎቹ ራሳቸው ደጋግመው የጻፉት አንድ ነገር ግን አዲሶቹ ቤቶች ውስጥ አልገባም። ቪቺናቶ ይባላል። በአንድ ትንሽ ግቢ ዙሪያ የከበቡ ጥቂት ዋሻዎች፣ መሃሉ ላይ የጋራ ጉድጓድ። ልብስ እዚያ ይታጠባል፣ ልጅ እዚያ ያድጋል፣ ወሬውም ጠቡም እርቁም እዚያ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት አበልጅ ነው። አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ታርሳለች፣ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ታጠባለች። የኳሮኒ መንደር ይህን ለመመለስ ቤቶቹን በትንንሽ መንገዶች ዙሪያ ለመሰብሰብ ሞክራለች። ነገር ግን ቤት የሚታደለው በዝርዝር ነው፣ ዝርዝሩ ደግሞ ማን የማን አበልጅ እንደሆነ አያውቅም። ቀበሌ ወረፋ ለጠበቀ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ለደረሰው ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግረኝም።

ባዶው ዘመን

ከዚያ በኋላ ሳሲ ዝም አለ። ጣሪያው ወደቀ፣ ሣር በቀለ፣ ሌባ ገባ። ከባሪሳኖ ትልቁ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ከሳን ፒየትሮ ሥዕልና ቅርጽ እየተቆረጠ ተሰረቀ። አካባቢው ስሙ የሚጠራው ለወንጀልና ለፊልም ብቻ ሆነ። ፊልም ሠሪዎቹ የጥንቷን ኢየሩሳሌም ሲፈልጉ ወደዚህ ይመጡ ነበር። ባዶ ከተማ ለካሜራ ይመቻል።

ያዳናት ያልተጠበቀ ወገን ነው። 1959 ላይ የማቴራ ወጣቶች ላ ስካሌታ የሚባል የባህል ክበብ አቋቋሙ። ቅዳሜና እሑድ ገደሉን እየወጡና እየወረዱ የተረሱ የዋሻ ቤተ ክርስቲያኖችን መመዝገብ ያዙ። በከተማዋና በዙሪያዋ ከ150 በላይ አሉ። 1963 ላይ ከከተማው ራቅ ብሎ እረኞች በግ ያሳደሩበት አንድ ዋሻ ውስጥ ገብተው ግድግዳው ሙሉ በቀይ አበባ ላይ የተሳለ ሥዕል አገኙ። አዳምና ሔዋን፣ ሐዋርያት፣ መላእክት፣ ማርያም እንደ ንግሥት። ከ1,000 ዓመት በላይ የሆነው ሥራ ነው። የሠዓሊው ስም ስለማይታወቅ «የማቴራው የአበባ ሠዓሊ» ይሉታል። ቦታው ዛሬ የጥንተ አብሶ ዋሻ ይባላል፣ በቀጠሮ ይጎበኛል። ከወጣቶቹ አንዱ ራፋኤሎ ዴ ሩጄሪ ከ50 ዓመት በኋላ የከተማዋ ከንቲባ ሆነ።

ላሊበላን ያየ ሰው እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት ሲያይ ማወዳደሩ አይቀርም። ባይጣደፍ ጥሩ ነው። ላሊበላ ከላይ ወደ ታች ተቆርጦ፣ ከአለቱ ተነጥሎ የቆመ ሕንፃ ነው። የማቴራዎቹ ከገደሉ ጎን ወደ ውስጥ የተፈለፈሉ ናቸው፣ ከፊሎቹ አንድ ክፍል ብቻ። እኔን የሚያስደነግጠኝ ልዩነት ሌላ ነው። ላሊበላ ጠዋት ቅዳሴ አለ። እዚህ ብዙዎቹ በር ላይ የሚጠብቃችሁ ቲኬት ቆራጭ ነው። እጣን አይሸትም።

የሕጉ ሁለተኛ ምዕራፍ

1986 ላይ ሌላ ሕግ ወጣ፣ ቁጥር 771። ይኼኛው ሳሲን መልሶ ለማደስ 100 ቢሊዮን ሊሬ መደበ። አሠራሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። ዋሻዎቹ 1952 ላይ የመንግሥት ሆነዋል። መንግሥት ለማዘጋጃ ቤቱ ሰጠ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ አድሶ ለሚገባበት ሰው በረጅም ኮንትራት ያከራያል፣ የእድሳቱንም ወጪ በከፊል ይደጉማል። ሊዝ በሉት።

በኔ ግምት ማቴራን ያተረፋት ይህ ነው። አብዛኛው ቦታ ባለቤቱ አንድ ስለነበር ማንም ተነስቶ አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት አልቻለም። የማደሻው ደንብ ድንጋዩን፣ ቦዩን፣ ደረጃውን እንዲጠበቅ አደረገ። ድህነቷና ርቀቷም ረድተዋታል። ባለሀብት የሚፈልጋት ከተማ ብትሆን ኖሮ በ1960ዎቹ ዶዘር ይገባባት ነበር።

1993 ላይ ዩኔስኮ ሳሲንና ማዶ ያለውን የዋሻ አብያተ ክርስቲያናት ፓርክ የዓለም ቅርስ አድርጎ መዘገበ። ማመልከቻውን ያዘጋጀው አርክቴክት ፒየትሮ ላውሬአኖ የተከራከረው በዚያ በውኃው ነገር ነው። ዋሻው የድህነት ውጤት ሳይሆን የውኃ ጥበብ ነው አለ። ሕግ 619 በወጣ በ41 ዓመት ውስጥ፣ ያው ቦታ ከብሔራዊ ኀፍረት ወደ ዓለም ቅርስ ዞረ። 2014 ላይ ደግሞ ከቡልጋሪያዋ ፕሎቭዲቭ ጋር የ2019 የአውሮፓ የባህል መዲና ሆና ተመረጠች። ያኔ ጎርፉ መጣ። ዋሻው ሆቴል ሆነ፣ በረቱ ምግብ ቤት ሆነ፣ የውኃ ጉድጓዱ መዋኛ ገንዳ ያለበት ስፓ ሆነ። በአንድ ሌሊት የሚከፈለው ለብዙ ሰው የወር ኪራይ ነው።

ታዲያ ማን ተመለሰ? እድሳቱ ሲጀመር የገቡት ባብዛኛው ወጣት ባለሙያዎች፣ አርክቴክቶች፣ ኋላም ነጋዴዎች ናቸው። በ1950ዎቹ የወጣው ገበሬ አርጅቷል፣ ልጆቹ ላይኛው ከተማ አፓርታማ አላቸው፣ ከፊሎቹ ወደ ቱሪንና ጀርመን ተሰደዋል። ዛሬ በሳሲ ማታ ማታ የሚበራው መብራት ውብ ነው፣ የገና ግርግም ይመስላል። ብዙው መብራት ግን የእንግዳ ክፍል ነው።

ለመሄድ ላሰበ ሰው

ጫማ። ደረጃው በዘመናት እግር ተልጎ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከነጩ ድንጋይ ላይ ተመልሶ ፊት ይገርፋል፣ የሚያዝያና የጥቅምት አየር ይሻላል። ሐምሌ 2 ግን ለየት ያለ ቀን ነው። የማዶና ዴላ ብሩና በዓል ነው። ወራት ሙሉ ከወረቀት የተሠራ ግዙፍ ሠረገላ ከተማውን ይዞርና ማታ ፒያሳው ላይ ሕዝቡ ተሻምቶ ይቦጫጭቀዋል። ቁራጭ የያዘ ቤቱ ያስቀምጣል። በነጋታው ለከርሞው ማሰብ ይጀመራል።

ቪኮ ሶሊታሪዮ የሚባል ቦታ እንደ ድሮው ዕቃው የተደረደረበት አንድ ዋሻ ቤት ለጎብኚ ክፍት ነው። በቆሎ ገለባ የተሞላ ፍራሽ ያለው ከፍ ያለ አልጋ፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ከኋላ የበቅሎዋ ቦታ። ጎብኚው አሥር ደቂቃ ቆይቶ ይወጣል። ከላይ በፓላሶ ላንፍራንኪ ሙዚየም ደግሞ ሌቪ 1961 ላይ የሳለው «ሉካኒያ 61» አለ። ርዝመቱ 18 ሜትር ተኩል ነው። ሥዕሉን ቀድሞ ያየ ሰው ዋሻው ውስጥ አሥር ደቂቃው አይበቃውም። እነዚያ ፊቶች ይከተሉታል።

ዳቦውን ሳትቀምሱ እንዳትወጡ። የማቴራ ዳቦ ከጠንካራ ስንዴ የሚሠራ፣ ወፍራም ቅርፊት ያለው፣ ለቀናት የማይደርቅ ነው። ፉርኖ ለኛ ዱቄት ነው፣ ለነሱ ምድጃው ነው። በሳሲ ዘመን ሴቶች ሊጡን ቤት ያቦካሉ፣ መጋገሪያው ግን የጋራ ነው። የማን ዳቦ የማን እንደሆነ እንዲለይ እያንዳንዱ ቤተሰብ የስሙ ፊደል የተቀረጸበት የእንጨት ማኅተም ነበረው። ዛሬ ማኅተሙ በየሱቁ ይሸጣል። የራሳችሁን ፊደል መርጣችሁ ትገዛላችሁ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ካርታ ላይ ላ ማርቴላን ፈልጉ። ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ በጎናቸው የቀድሞ በረቶች፣ ጉብታው ላይ የኳሮኒ ቤተ ክርስቲያን። ቲኬት የለውም። አስጎብኚም አይወስዳችሁም። ከሰዓት በኋላ በር ላይ ወንበር አውጥተው የሚቀመጡ አዛውንቶች ካገኛችሁ፣ ከነዚያ ፎቶ ካነሳችኋቸው ዋሻዎች በአንዱ የተወለደ ሰው ሊኖር ይችላል። ቡዎናሴራ በሉ።